አክስቴ የዳሯት ጃርት

አክስቴ ጃርት ድረዋል። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። እኔ ግን ሽማግሌ ሆኜ የተቀመጥኩበት ጋብቻ ስለሆነ መሳቅ አይገባኝም። በርግጥ «ዝናብ መጣ» ብዬ ስጮህ ሚስቴ መጀመሪያ ወጥታ ሰማዩን አይታ ነው የተሰጣውን ልብስ የምታስገባው። ስለዚህ ማንም ቢጠራጠረኝ አልቀየምም። የዚህ ነገር ምስክር ግን ቢቸናም ሞጣም ሞልቷል።

ነገሩ የተጀመረው ቢቸና ዳር ካለው የአክስቴ የድንች ማሳ ነው። አንድ ማለዳ የጎረቤት ውሻ አፍንጫው ላይ እሾህ ተሰክቶበት እያለቃቀሰ መጣ። አክስቴ የመጣበትን ተከትለው ቢሄዱ ከማሳው ግርጌ አንዲት ጡጫ የምታህል የጃርት ግልገል ብቻዋን ተኮራምታ አገኙ። ጃርት ማለት የድንች ገበሬ ጠላት ነው፤ ሌላ ሰው ቢሆን ዱላ ነበር የሚፈልገው። አክስቴ ግን ልጆቻቸው አድገው በየአገሩ ከተበተኑ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸው ነበርና በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘዋት ገቡ። ያ ነጠላ ከዚያ ቀን በኋላ ነጠላ መሆኑ ቀርቶ ወንፊት ሆነ።

ግልገሏ አደገች። ምን ማደግ ብቻ! እንደኔ ወሬ ከቀን ወደ ቀን ተለቀች። አክስቴ ወደ ጓዳ ሲሄዱ ወደ ጓዳ፣ ወደ በር ሲወጡ ወደ በር ትከተላቸዋለች። ስትራመድ እሾኋ እርስ በርሱ እየተጋጨ ስለሚንኳኳ ሰፈሩ «እማማና ጸናጽላቸው መጡ» ይል ጀመር። ከዚያ የጎረቤት ዱባ መጥፋት ጀመረ። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ የጠረጠሩት እኔን ነው። ይህን ይቅር ብያለሁ።

ወሬው ሞጣ ደረሰ። ሞጣ ዳር አንዲት ትንሽ የአራዊት ግቢ አለች። ትንሽ ስል እውነቴን ነው፤ አንዱ ጥግ ላይ ቢያስነጥሱ ሌላው ጥግ ያለው እንስሳ «ይማርህ» የሚል ዓይነት ናት። ኃላፊው ከአርባ ምንጭ በኩል ተመድቦ የመጣ የእንስሳት ባለሙያ ነው፤ ጨዋ፣ ታጋሽና ቶሎ የሚያምን ሰው፤ ማለትም ለእኔ ከሰማይ የወረደ መና። ግቢው ውስጥ አንድ ወንደላጤ ጃርት ነበረው። አንድ ቀን ደብዳቤ ይዞ ቢቸና ከተፍ አለ።

«እማማ፣ የዱር እንስሳ ቤት ውስጥ ማሳደግ አይፈቀድም። ደብዳቤ ይዤ መጥቻለሁ። ደግሞ እኛ ጋ ያለው ወንዱ ብቻውን ሆኖ ስትረስ ውስጥ ገብቷል።»

አክስቴ ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ሳያነቡት በሁለት እጃቸው መለሱለት።

«ልጄ፣ በደብዳቤ ልጁን የሰጠ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ልጅ?»

«ለወንዱ ጃርትህ ፈልገሃት አይደል የመጣኸው? ታዲያ ሽማግሌ ላካ!»

ሰውዬው እርዳታ ፍለጋ ወደኔ ዞረ። ወደኔ! «መላክስ ትልካለህ፣ ግን ባንድ ጊዜ እሺ የሚሉህ እንዳይመስልህ። ከተመላለስክ በኋላ ነው» አልኩት።

ተመላለሰ። በመጨረሻ ሾፌሩንና ዘበኛውን ግራና ቀኝ አድርጎ፣ ኮቱን ለብሶ፣ የአክስቴ ግቢ ውስጥ ቆመ። በእኛ በኩል የተቀመጥነው እኔና የኔታ ነን። የኔታ የአክስቴ ጎረቤት የሆኑ የቅኔ መምህር ናቸው። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር የምወደው ለሳቅ ነው፤ የኔታ ግን ሽምግልና የተባለ ነገር ላይ ከተቀመጡ ጉዳዩ የሰው ይሁን የጃርት አይለዩም።

«በሉ፣ ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ የኔታ። ሙሽሮቹ ዘመድ አለመሆናቸው መጣራት አለበት። «የልጁ አባት ማን ነው?»

ኃላፊው ግራ ገብቶት ሾፌሩን አየ። «ጃርት ነው» አለ።

«አያቱስ?»

«እሱም... ጃርት ነው።»

«ቅድመ አያቱ?»

«ጃርት ይመስለኛል።»

ሰባተኛው ትውልድ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው በላብ ተጠምቆ ነበር። አክስቴ ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «በሞትኩት! የእኔዋም ወገኖች እኮ ሰባቱም ጃርቶች ናቸው! ይሄማ የለየለት ዘመድ ነው፤ አይጋቡም!» ብለው ተነሡ።

የኔታ ፂማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ቁጭ በይ አንቺ። በዚህ አያያዝሽ ሰውም ከሰው ሊጋባ አይችልም» ብለው ፈረዱ። ጋብቻው ጸደቀ።

አክስቴ ግን አንድ ነገር ጠየቁ። «የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ቤት መጥታ ነው የምትወልደው። የአገር ወግ ነው፤ አላስቀርባትም።»

«ችግር የለውም» አለ ኃላፊው እየሳቀ።

ይህች «ችግር የለውም» ናት በኋላ ጉድ ያፈላችው። ቀልድ መስሎታል። እውነቱን ለመናገር ከተቀመጥነው ሁሉ ይቀልድ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። አክስቴና የኔታ ከልባቸው ነበር። በሽማግሌ ፊት እሺ የተባለ ነገር ደግሞ እዚህ አገር ከሐውልት ይልቅ ይቆማል።

በመሸኛዋ ዕለት አክስቴ አላለቀሱም። ከድንች ማሳቸው አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አፈር ቆፍረው አሸከሙኝና «ጎሬዋ ውስጥ ይነጠፍላት። የሰው አገር አፈር ይከብዳታል» አሉ። እኔ ሚዜ ሆኜ ሞጣ ድረስ አደረስኳት። እንዲህ ያለ የሙሽራ ጓዝ ተሸክሞ ወገቡ የተቀነጠሰ ሚዜ በጎጃም ታሪክ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ከሞጣ የሚመጣ ሾፌር ሁሉ ላይ ጥያቄ ያዘንቡ ጀመር።

«ልጄን አይተሃታል?»

«የትኛዋን ልጅዎን እማማ?»

«እሾህ ያላትን።»

ሾፌሮቹ ክፉ ልጅ ያለቻቸው መስሏቸው «እግዜር ያብርድላት» ይሏቸው ነበር። ስቄ ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር አየሁ። የጎረቤት ዱባ መጥፋቱን ትቷል። ያን ጊዜ ሁሉ አክስቴ ማጀት ውስጥ፣ ጃርቷ ትተኛበት ከነበረው ጥግ፣ በየማለዳው አንድ ድንች ያስቀምጡ ነበር። ማታ ራሳቸው ያነሡታል። እኔ እንኳን፣ እኔ፣ በዚህ አልቀለድኩም።

ታዲያ አንድ ቀን ኃላፊው ደወለ። ድምፁ ደስታ በደስታ ነው። የግቢው ጭላዳ ዝንጀሮ ወልዳለች፤ የአክስቴም ልጅ ሆዷ ገፍቷል፤ መጥታችሁ ጎብኙ አለ። ሰውዬው ለጉብኝት ነው የጠራን። አክስቴ ስልኩን እንደዘጉ አናጺ ቤት ሄደው ሳጥን አሠሩ። መስኮት ያለው፣ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት፣ ከእኔ አልጋ የሚሻል ሳጥን። ለአራስ ገንፎ የገብስ ዱቄትና ቅቤ አስያዙኝ። የኔታን ቀሰቀሱ። «ልጄን ላመጣ ነው» አሉ።

መናኸሪያ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ሳጥኑን አይቶ «ይሄ ከላይ ይጫን» አለ።

«አራስ ከላይ ትጫናለች?» አሉ አክስቴ።

ረዳቱ በመስኮቱ አጮለቀ። «ባዶ ነው እኮ እማማ!»

«ስንመለስ ባዶ አይሆንም። ከአሁኑ ልመዱት።»

ሳጥኑ ወንበር ያዘ፤ እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉንደ ወይን እስክንደርስ ጭንቅላቴ ከጣሪያው ጋር ብዙ ጊዜ ከመሳሳሙ የተነሣ ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾች ሆንን። ከፊት የተቀመጡ ተሳፋሪ «ምን ልታመጡበት ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ «የአክስቴን ልጅ፤ ነፍሰ ጡር ናት» አልኳቸው። ሳጥኑን አዩ፤ አክስቴን አዩ፤ አማተቡና ፊታቸውን አዞሩ። በሕይወቴ አንዴ እውነት ብናገር የገጠመኝ ይኸው ነው።

ግቢው በር ላይ እንዲህ የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ «ብርቅዬ እንስሳትን ይጎብኙ። መመገብ፣ ድንጋይ መወርወርና መሳደብ ክልክል ነው።»

«መሳደቡ ማንን ነው?» አልኩት ዘበኛውን።

«ጭላዳውን ነው። ግን እሱም አይተው፤ ይመልስላቸዋል።»

እውነትም ጭላዳው ገና ሲያየኝ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን አሳየኝ። እኔም አሳየሁት። እሱ ረታኝ። ሚስቱ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሣር ትነጫለች፤ አንዲት ጥቁር፣ ጆሮዋ ከፊቷ የሚበልጥ ሕፃን ደረቷ ላይ ተለጥፋለች። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ጭላዳዋ ከንፈሯን ገለበጠች።

«አሜን አለች» አሉ አክስቴ።

«አላለችም» አሉ የኔታ።

ቀጥሎ ኤሊዋ ነበረች። ሚዜ ሆኜ ስመጣ ካየኋት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብላ አገኘኋትና ተደንቄ «ፈጣን ናት» ስል ዘበኛው «ስንጠርግ ገፍተናት ነው» አለኝ። ከእሷ ጎን «ዘንዶ» የሚል ጽሑፍ ያለበት በሽቦ የታጠረ ቤት አለ። ውስጡ ገለባ ብቻ ይታያል።

«ዘንዶው የታለ?»

«ገለባው ሥር ነው።»

«አይታችሁት ታውቃላችሁ?»

«ማን ገብቶ ይፈትሽ ብለው ነው ጋሼ!»

አክስቴ ግን ለዘንዶም ለኤሊም ጊዜ አልነበራቸውም። እግራቸው በቀጥታ ወደ ጃርቶቹ ወሰዳቸው። ዙሪያውን የድንጋይ ካብ አለ፤ መሃሉ ላይ በድንጋይ የተሠራ ጨለማ ጎሬ። በጎሬው አፍ ላይ ሙሽራው ቆሟል። ሲያየን እግሩን መሬት ላይ ደበደበ፤ ጭራውን አንቃጨለ፤ ከዚያ ዞር ብሎ እሾሁን በሙሉ አቁሞ ጀርባውን ሰጠን። ጃርት ሊወጋ ሲል እንዲህ ነው የሚያደርገው። እኔ ወደ ኋላዬ ያፈገፈግኩት በትሕትና አይደለም።

አክስቴ ግን ፊታቸው በራ። «አያችሁልኝ አማቼን? ወግ አዋቂ! አማቱን ዓይን ለዓይን አያይም!»

ኃላፊው እጁን እያፍተለተለ መጣ። ሳጥኑን ሲያይ ነገሩ ገባው። «እማማ፣ ይሄማ አይሆንም። መንገዱ ረጅም ነው፤ ስትረስ ይይዛታል። ደግሞ የሞጣ ሕዝብ የጃርት ልጅ ሊያይ በጉጉት እየጠበቀ ነው።»

«ስትረሱን እኔ ቤት ስትደርስ ትረሳዋለች።»

«እማማ...»

የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን አንዴ መቱ። «አንተ ልጅ። በሽማግሌ ፊት እሺ ብለሃል ወይስ አላልክም?»

«ብያለሁ፤ ግን...»

«ግን የሚባል ነገር በዚያን ቀን አልተሰማም።»

ሰውዬው ወደኔ ዞረ። ምስኪን፣ እስካሁንም አልተማረም። «እኔም አልሰማሁም» አልኩት። ትከሻው ወረደ። «እሺ፣ ራሷ ፈቅዳ ሳጥኑ ውስጥ ከገባች ትሂድ። አላስገድዳትም» አለ። ተስማማን። ሳጥኑን ጎሬው ፊት ለፊት አስቀመጥነው፤ አክስቴ ከገዛ ማሳቸው ያመጡትን ድንች ውስጡ አኖሩና ካቡ ላይ ተደግፈው «ነይ ልጄ፣ ነይ እንግዲህ፣ እናትሽ መጣሁ» እያሉ ይጠሯት ጀመር።

ሙሽራው ሳጥኑን አሸተተ። ድንቹን ነክሶ አወጣና ወደ ጎሬው አፍ አንከባለለው። ከጨለማው ውስጥ የጥርስ ድምፅ ሰማን። ከዚያ አንድ ነገር ብቅ አለ።

የአክስቴ ልጅ አይደለችም። ብርቱካን የምታህል ነገር ናት። እሾሁ ገና ከመብቀሉ የተነሣ አዲስ የተላጨ ሰው ጭንቅላት ይመስላል። ተንገዳግዳ ወጣች፤ ሳጥኑን አለፈችው፤ ካቡ ድረስ መጣችና ጫማዬ ትይዩ ቆመች። ከዚያ እሷም እንደ አባቷ ዞራ ያችን ለምልክት ያህል የበቀለች እሾኋን አቆመችብኝ።

ኃላፊው ራሱን ይዞ «ወልዳለች! ከወለደች ቆይታለች! አባትየው ሰው አላስጠጋ ብሎን...» አለ።

አክስቴ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ቆሙ። «ወንድ ነው ሴት?» እልልታ እንኳ ቁጥር አለው፤ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ሁሉም እኔን አየኝ፤ አንሥቼ እንዳይ ማለታቸው ነው። እኔ ለዘመዴ ሕይወቴን እሰጣለሁ፤ እጄን ግን አልሰጥም። እጄን ወደ ኋላዬ ስደብቅ አክስቴ ትንሽ አሰቡና መሃሉን ያዙ፤ አምስት ጊዜ እልል አሉ። ጭላዳው ከወዲያ ማዶ ጮኾ መለሰላቸው።

እልልታው ሲያበቃ ግን አክስቴ ባዶው ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። «ያለ እናት ወለደች» አሉ ቀስ ብለው። «ያሰብኩት... ምጧ ሲይዛት አጠገቧ ልሆን ነበር። ማን አይዞሽ አላት? እንዲያ ተንከራትቼ ያሳደግኳት፣ እንደ ባይተዋር በሰው አገር ወለደች።» ዓይናቸው እንባ ሞላ። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ምንም አልቀረው። «ይቅርታ እማማ። ቃሌን አጠፋሁ» አለ።

እኔ ለማንኛውም ነገር ቀልድ አላጣም። ለቅሶ ቤት እንኳ ዳስ ውስጥ ሰው አስቄ ተወግዣለሁ። እዚያ ግን አክስቴን ስመለከት ቀልዱ ሁሉ ጠፋኝ። አንድ ነገር ለማለት ያህል ብቻ፣ ሳላስበው፣ «ያ የተሸከምኩት አፈርስ የት ገባ? ወገቤ እኮ እስከ ዛሬ ያመኛል» አልኩ።

«አፈሩማ ጎሬው ውስጥ ነው» አለ ኃላፊው። «ራሴ ነኝ ያነጠፍኩት። እማማ እየደወሉ ‹አነጠፍክላት ወይ› ሲሉኝ አልነበር?»

የኔታ ቀና አሉ። ዓይናቸው ሲያበራ አየሁ፤ ቅኔ ሲመጣላቸው እንዲህ ነው የሚሆኑት። «ሁሉንም?»

«አንድ እፍኝ አላስቀረሁም።»

የኔታ ግቢው ውስጥ ካለች አንዲት ዋንዛ ጥላ ሥር ሄደው ተቀመጡ። እኛም ተከተልን። «እንግዲህ ስሙ» አሉ። «የሰው ቤት ማለት አጥሩ ነው ወይስ አፈሩ? አፈሩ ነው። ይህች ልጅ የሞጣን አየር ተነፈሰች እንጂ የወለደችው በእናቷ የድንች ማሳ ላይ ነው። ቢቸና ነው የወለደችው። ቃልም አልፈረሰ፤ ወግም አልተጓደለ።»

አክስቴ እንባቸውን በዚያ ወንፊት ነጠላ ጠረጉ። «እውነት የኔታ? እኔ ቤት ነው የወለደችው?»

«አንቺው ነሽ የዘገየሽ እንጂ እሷስ ቤትሽ ነበረች። አሁን ደግሞ እናት አራስ ልጇ ዘንድ ከደረሰች ጥላ አትሄድም።»

ኃላፊው እፎይ ማለት ጀምሮ ነበር፤ እፎይታው መሃል ላይ ቀረ። «ማለት... ለስንት ጊዜ ይቆያሉ?»

«ክርስትና እስኪነሣ ነዋ። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ።»

«ወንድ ይሁን ሴት ግን አልታወቀም እኮ የኔታ።»

«እስኪታወቅ ይቀመጡ።»

ዘበኛውና ሚስቱ ግቢው በር ላይ ቤት አላቸውና አክስቴ እዚያው አረፉ። ገንፎው በዘበኛው ሚስት ምድጃ ተገነፋ። አራሷ ግን ድንቹን እንጂ ገንፎውን ዞራም አላየችው፤ ስለዚህ በወጉ መሠረት ጠያቂው በላላት። ኃላፊው ብቻውን ስንት ጠያቂ ያህል በላ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለውንም አጥንቶ በጎሬው አፍ ላይ ቆሞ አለ፤ አማችም ጀርባውን ሰጠው።

ማታውን የኔታና እኔ ስንመለስ ያው ረዳት ገጠመን። «እማማስ? ሳጥኑስ አሁንም ባዶ ነው?» አለ። «አክስቴ አራስ ቤት ናቸው» አልኩት። ጥያቄ አልደገመም። ሳጥኑን ግን ከላይ ጫነው።

ሕፃኗ ወንድ ትሁን ሴት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ኃላፊው አልፎ አልፎ ደውሎ «መመርመር እችላለሁ እኮ፤ እማማ ናቸው አላስነካ ያሉኝ» ይላል። አክስቴ ለምን እንደማያስነኩ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ድምፁ ግን የተከፋ ሰው ድምፅ አይደለም። ሕዝቡ አሁን ጃርቱን ብቻ ሳይሆን አማቱንም ሊያይ ነው የሚመጣው አለኝ።

የድንች ማሳው ታዲያ እኔ ላይ ወደቀ። ባለፈው ሳምንት ማለዳ ብሄድ ማሳው ተገልብጧል። ከማሳው ማዶ ካለው ገደል የሚወጡ ጃርቶች ግማሹን ጨርሰውታል። ከጎረቤት ወጥመድ ተዋስኩና ለአክስቴ ደወልኩ።

«አክስቴ፣ ድንችዎን ጃርት ፈጀው። ዛሬ ላጠምድ ነው።»

ከወዲያ በኩል የእሾህ መንኳኳት ተሰማ።

«አንተ» አሉ፣ «ሰባት ቤት ሲቆጠር እዚያው ተቀምጠህ አልነበር?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ የአማቼን ዘመዶች ልታጠምድ ነው? ነውር አታውቅም? ይብሉ! ደግሞ ሲመጡ በባዶ አፍ አትሸኛቸው፤ ዱባ ጨምርላቸው።»

ወጥመዱን ለጎረቤት መለስኩ። የተረፈውን ድንች ላወጣ ጎንበስ ስል አንድ ትልቅ ጃርት ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። አየኝ። እግሩን መታ፤ ዞረና እሾሁን በሙሉ አቁሞ ጀርባውን ሰጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሮጥ ነበር። እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ ነሣሁ። ካሉኝ ዘመዶች ሁሉ በዚህ ልክ ያከበረኝ እሱ ብቻ ነው።